ስንዴውን ጾም ያስገደፍኩ ዕለት

እኔ ሳይደርስ ቢጫ የሆነ ስንዴ ማየት አልችልም። ሌላው ሰው ደም ሲያይ እንደሚሆነው ነው የሚያደርገኝ። ጎጃም ውስጥ የገበሬ ልጅ ሆኜ ነው ያደግኩት። ማዳበሪያ ዘግይቶ በመጣበት ዓመት ማሳው ከታች ቅጠሉ ጀምሮ እንዴት እየገረጣ እንደሚሄድ፣ አባቴም አጥሩን ተደግፎ ያንን እያየ እንዴት ዝም እንደሚል አውቃለሁ። ይህንን አስቀድሜ የምናገረው ላደረግሁት ነገር ሰበብ እንዲሆነኝ ነው። ሰበብ አይሆንም፣ ግን ይሁን።

የምሠራው ዐረብ አገር፣ ኹበር ከተማ፣ ዐቅረቢያ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። ማዳም ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ካፊሌም፣ የመኖሪያና የጉዞ ፈቃዴን የያዘችው፣ እሷው ናት። ቤቱ ውስጥ ያለነው ማዳም፣ አንድ ልጇና እኔ ነን። ልጅቷ እኔ ስመጣ ገና ዩኒቨርሲቲ ልትገባ የምትንደረደር ቀጭን ልጅ ነበረች፤ አሁን ደማም ከተማ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። እኔን «ኻላ» ትለኛለች፣ አክስቴ እንደማለት። እኔ ደግሞ ደስ ስትለኝ «ሐቢብቲ»፣ ውዴ እንደማለት፣ ስታናድደኝ «ዶክቶራ» እላታለሁ። የምንነጋገረው በዐረብኛ ነው፤ እዚህ የምጽፈው እኔ እንደሚገባኝ አድርጌ ነው።

ኅዳር ላይ ሃያ አራት ባልዲ አፈር ጣሪያ ላይ እናውጣ አለችኝ። አወጣን፤ ወገቤ ምስክሬ ነው። ስንዴ ልትዘራባቸው መሆኑን ስትነግረኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ሐቢብቲ፣ ይሄ ሁሉ ልፋት ለአንድ ኹብዝ ዳቦ እንኳ አይበቃም እኮ!»

«ኹብዝ አልፈለግሁም። መመረቂያዬን ነው የምሠራበት» አለች።

ስምንቱ ባልዲ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፈች፤ ዩሪያ ጠግበው የሚበሉ ናቸው። ስምንቱ ላይ ቢጫ፤ ግማሽ የሚበሉ። ስምንቱ ላይ ነጭ፤ እነዚህ ምንም አይበሉም። ደግሞ በወግ በወጉ አልደረደረቻቸውም፤ ቀዩን ከነጩ፣ ነጩን ከቢጫው ቀላቅላ ጣሪያውን ሙሉ በተነቻቸው። ለምን ብላት እንዲህ ካልሆነ ፀሐዩም ጥላውም ያዳላል አለችኝ። ነጮቹስ ምን አድርገው ነው የማይበሉት ስላት ደግሞ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ።

«ኻላ፣ ፍሬው ውስጥ የተጻፈ ነገር አለ። የምግብ አሠራር ደብተር በይው። አንዱ ገጽ ዱቄቱን ዱቄት የሚያደርገውን ነገር ይናገራል። ሌላው ገጽ ፕሮቲኑን ይናገራል፤ ሊጥ ሲለጠጥ ሳይበጠስ የሚይዘውን። ዘረ መል የምንለው ያንን ገጽ ነው። ዩሪያው ውስጥ ናይትሮጅን አለ፣ ፕሮቲን የሚሠራው ከእሱ ነው። ናይትሮጅን ሲመጣለት ተክሉ የፕሮቲኑን ገጽ ደጋግሞ ያነባል። ሳይመጣለት ሲቀር ገጹ እዚያው አለ፣ ግን እምብዛም አይነበብም።»

«ሥጋ በሌለበት ቤት የከብሳን፣ የሥጋ ሩዙን፣ ገጽ ማን ይገልጣል!» አልኳት።

በጣም ሳቀች፤ ደብተሯ ላይም ጻፈችው። እኔም ገብቶኛል። እቤት የምጋግረው እኔ ነኝ፤ ዱቄት ሲለወጥ እጄ ያውቃል። አንዳንዱ ዱቄት ስትለጥጪው ይከተልሻል፣ አንዳንዱ ገና ስትነኪው ብጥስ ይላል። አባቴ ማዳበሪያ ያጣ ዓመት የእናቴ ዳቦ እንዴት ይፈረፈር እንደነበረ ትዝ አለኝ። ያኔ እርሾው ነው ብለን ነበር የምንነታረከው።

እንግዲህ ክረምታቸው፣ የብርዱ ወራት፣ እንዲህ አለፈ። ቀዮቹ ጠቆር ብለው ወፈሩ፣ ነጮቹ ቀጠኑ፣ ገረጡ። እኔ በየማለዳው ውኃ ላጠጣ ስወጣ ነጮቹን ላለማየት ፊቴን አዞራለሁ። ያ ዓመት ደግሞ ሁዳዴና ረመዳን የተገጣጠሙበት ነበር። በቤቱ ያልጾመ የለም። ማዳምና ልጅቷ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ አይቀምሱም፤ እኔ ሥጋና ቅቤ አልነካም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል አልቀምስም። የማዳምን ወጥ የሚቀምስ ሰው ጠፋ! በሌላ ጊዜ እኔ ስጾም ልጅቷ ጨው ትቀምስልኝ ነበር። ያን ሰሞን በግምት ጨው ነስንሼ፣ አፍጥር ላይ የማዳምን ፊት እያየሁ ነበር የማውቀው።

በረመዳን አጋማሽ እናትና ልጅ ለዑምራ መካ ሄዱ። ልጅቷ ስትወጣ ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ፦ «ውኃ ብቻ፣ ኻላ። ከውኃ ሌላ ምንም።» እሺ አልኳት። እሺ ያልኩት ከልቤ ነበር።

መጋቢት አምስት፣ የአቦ ዕለት፣ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት አዛን ሲል ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ነጮቹ ባልዲዎች ላይ ዛላው ብቅ ብሎ አብቧል፤ አበባው ሚጢጢ፣ ቢጫ፣ ተንጠልጥሎ። ከሥሩ ቅጠሉ ደርቋል። አሳዘነኝ። እኛ አገር ቢሆን አባቴ በዚህ ጊዜ እንኳ ቢሆን ዩሪያ ካገኘ ጣል ጣል ያደርግበት ነበር። ዩሪያው ደግሞ እዚያው ከውኃ ታንከሩ አጠገብ በቆርቆሮ ተቀምጧል፤ ነጭ ነጭ ፍሬው። በዚህ በሚያስመርር አገር እኔም ጾመኛ፣ እነሱም ጾመኛ ብዬ አሰብኩ። እኔስ ፋሲካ አለኝ።

የሻይ ማንኪያ አመጣሁ። ግማሽ ማንኪያ በአንድ ጆግ ውኃ በጥብጬ ለመጀመሪያው ሰጠሁት። ለሁለተኛው። ለሦስተኛው። ለአራተኛው። አምስተኛው ጋ ልደርስ ስል ስልኬ ጠራ። ልጄ ነበረች።

ልጄን ጥያት ስመጣ አራት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ዘጠኝ ሆኗታል፣ ከእህቴ ጋ ናት። «እማዬ፣ ዘንድሮ ፋሲካን በእውነት ትመጫለሽ?» አለችኝ። ማዳም ፈቃድ ሰጥታኛለች፣ ቲኬቴም ተቆርጧል፣ በሕማማት ሳምንት ረቡዕ እነሳለሁ፣ አብረን ነው የምንፈስከው አልኳት። «ማይልኝ!» አለች። ማልኩላት። ስልኩን ስዘጋ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ስጨርስ ጆጉን እዚያው ትቼ ወረድኩ። ቀሪዎቹን አራቱን ረሳኋቸው።

ማታውን ሳስበው ደነገጥኩ። ሥራዬ ብዬ የሰው ደብተር ላይ እንደሞነጫጨርኩ ገባኝ። ግን አራት ባልዲ ብቻ ነው፣ አበባም ከያዘ በኋላ ምን ያደርገዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እነማዳም ሲመለሱ አፌን ይዤ ዝም አልኩ። ልጅቷ ከዒድ በፊት ከየባልዲው ገና ያልደረቀ ፍሬ እየለቀመች፣ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ በሚያጨስ ዕቃ ከትታ ወደ ደማም ወሰደች። የትኛው ገጽ እንደተነበበ የሚታወቀው ፍሬው ሳይደርቅ ነው አለች። የቀረውን ለአጨዳ ተወችው።

ሆሳዕና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ምሳ ላይ፣ ልጅቷ ማንኪያዋን ጥላ ወደ እናቷ ዞረች።

«ዩማ! አንድ ነገር ልንገርሽ። ከነጮቹ ባልዲዎች አራቱ ባዶ ሆዳቸውን ፕሮቲን ሠርተዋል! ገጹን እንደ ቀዮቹ ነው ያነበቡት። ደግሜ አየሁት፣ ስህተት የለውም። ዘሩ ውስጥ የተለየ ነገር አለ ማለት ነው፤ ያለ ማዳበሪያ ፕሮቲን የሚሠራ ስንዴ! እሑድ ለመምህሬ አቀርበዋለሁ።»

ማዳም «ማሻአላህ!» ብላ ሳመቻት። እኔ ሰላጣ እያቀረብኩ ነበር፤ ሳህኑ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ልጅቷ እኔንም ልታቅፈኝ ተነሳች። «ኻላ፣ ውኃ ያጠጣሻቸው አንቺ ነሽ፣ እጅሽ የተባረከ ነው!» አለችኝ። ወይኔ ሰውዬዋ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ነበር ደስ የሚለኝ።

ምናልባት የኔ አይሆንም ብዬ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ስንዴው ደርሷል፤ ለማጨድ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ልጅ ሆነን ጥሬ ስንዴ እያኘክን ማስቲካ እንሠራ ነበር፤ አኝከሽ አኝከሽ ዱቄቱ ሲሄድ የሚለጠጠው አፍሽ ውስጥ ይቀራል። ደኅና ስንዴ ጥሩ ማስቲካ ይወጣዋል፣ የተራበ ስንዴ ግን አፍ ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበርና ጾሜ አልተነካም። መጀመሪያ ካልነካሁት ባልዲ ጥቂት ፍሬ አኘክሁ፤ ሟሙቶ ጠፋ። ከዚያ አፉ ከተሰነጠቀው ባልዲ ወሰድኩ፤ ይኼ አንደኛ የሰጠሁት ነው። አኘክሁ፣ አኘክሁ። ማስቲካ ሆነ! በጣቴ ስስበው ተለጠጠ። በዕድሜዬ ማስቲካ እንዲህ አስጠልቶኝ አያውቅም።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ዝም ብል ምን እሆናለሁ? ምንም። ረቡዕ እሄዳለሁ፣ ልጄን አቅፋለሁ። ብናገር ግን የሚሆነውን አላውቅም። ኹሩጁ፣ ወጥቼ የምመለስበት ፈቃድ፣ ገና አልወጣም፤ ማዳም እሑድ አወጣልሻለሁ ብላለች። በስልኳ አንዴ ስትነካ ይወጣል፣ አንዴ ስትነካ ይሰረዛል። ንዴቷን ደግሞ አውቀዋለሁ። በሌላ በኩል ያቺ ልጅ እሑድ መምህሯ ፊት ቆማ የማይሆን ነገር ልትናገር ነው። የሌለ ዘር ስትፈልግ ዓመቷን ትጨርሳለች፤ ዘሩ ደግሞ እኔ ነኝ። የገዛ ልጄስ እንዲህ ያለ ሰው እጅ ላይ ብትወድቅ?

ቅዳሜ ጠዋት ወጥ ቤት ገብታ ሻይ ስትቀዳ ተናገርኩ። ቁጭ በይ እንኳ አላልኳትም።

«ሐቢብቲ፣ ዘሩ አይደለም። እኔ ነኝ። ዩሪያ ሰጥቻቸዋለሁ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ ያለው ደም ሁሉ ሲሄድ አየሁት። «ምን አልሽ?»

«አሳዘኑኝ። መካ በሄዳችሁ ጊዜ። ውኃ ብቻ ብለሽኝ ነበር፤ ቃሌን በላሁ።»

ማዳም ከሳሎን ሰምታ መጣች። ከዚያ በኋላ የሆነውን በሙሉ አልጽፈውም። ድምጿ ጣሪያ ነካ። አምስት ዓመት ያመንኩሽ ለዚህ ነው ወይ አለች፣ የልጄን ትምህርት አጠፋሽው አለች። በመጨረሻም እጇን አራገፈች፦ «ኸላስ! በቃ! ማፊ ሰፈር! የትም አትሄጂም!»

ማፊ ሰፈር። ጉዞ የለም። የማልኩት መሐላ ነው መጀመሪያ ትዝ ያለኝ።

ልጅቷ አልጮኸችም። ዞር ብላ ወደ ጣሪያ ወጣች። ሩብ ሰዓት ይሁን ግማሽ ሰዓት አላውቅም፣ ደብተሯን ይዛ ወረደች። ዐይኗ ቀልቷል። «ዩማ፣ ትንሽ ዝም በይ» አለች፤ ማዳምን እንዲህ ስትላት ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች።

«ስንት ባልዲ?»

«አራት።»

«የትኞቹ እንደሆኑ እኔ አልነግርሽም። ራስሽ አሳዪኝ።»

ወጣን። አፉ የተሰነጠቀውን አሳየኋት። ዲሹ ሥር ያለውን። ከበሩ ስትወጪ በስተቀኝ ያለውን። ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ያለውን። በየአንዳንዱ ደብተሯን ታያለች፣ ምንም አትልም። አራተኛውን ሳሳያት ብዕሯን ጆሮዋ ላይ ሰካችና በረጅሙ ተነፈሰች። የኔ አራትና የእሷ አራት አንድ ሆኑ።

«በየትኛው ቀን?»

«የአቦ ዕለት!» አልኩ። ምን እንደሆነ አታውቅም። እኛ የወሩን ቀን በቅዱሳን ነው የምንይዘው፣ አምስት አቦ ነው፣ ጊዮርጊስ ሃያ ሦስት ነው አልኳት። በስልኳ የእኛን ወር ከእነሱ ጋር አስተያየችና ቀኑን ጻፈች። ምን ያህል እንደሰጠሁ ጠየቀችኝ፤ ማንኪያውን አምጥቼ አሳየኋት፣ ጆጉንም። ማንኪያው ውስጥ ዩሪያ አድርጋ መዘነችው። ሁሉንም ጻፈች።

ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ኻላ፣ አንቺ ራስሽ ሃምሳ አምስት ቀን ትጾሚያለሽ። የኛንም ረመዳን አይተሻል። ለሰው ያላዘንሽ ለስንዴ ምን አሳዘነሽ?»

«እኔ ጾሜ መቼ እንደሚያልቅ አውቃለሁ» አልኳት። «እናንተም ታውቃላችሁ። ለእነሱ ማን ነገራቸው?»

ይህንን ግን አልጻፈችውም።

ያ ቅዳሜ አላልቅ አለኝ። ማዳም አላናገረችኝም፤ ምግብ ሳቀርብ ሳህኑን እንጂ እኔን አታይም። ሆሳዕና እሑድ ልጅቷ ወደ ደማም ሄደች። እኔ ወለሉን ሁለት ጊዜ አጠብኩት፣ ደግሞ ሦስተኛ ልጀምር ስል በሩ ተከፈተ።

«መምህሬ መጀመሪያ ተቆጣ» አለች ጫማዋን ሳታወልቅ። «ቤቱን ሁሉ አነቃነቀው። ከዚያ ወረቀቱን አየ። ከዚያ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ሰዓቱንም ጠይቂያት።›»

«ዐስር አዛን ሲል» አልኳት ወዲያው።

ሳቀች! ሳቋን ስሰማ መጥረጊያውን አስቀመጥኩ። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ እሷ ከመጀመሪያው ዘግይተው የሚበሉ ባልዲዎችም ጣሪያው ላይ እንዲኖሩ ፈልጋ ነበር፣ ቦታ አጥታ ተወቻቸው። ስንዴው አበባ ከያዘ በኋላ ናይትሮጅን ቢመጣለት የፕሮቲኑ ገጽ ይነበባል ወይስ አይነበብም? አራቱ ባልዲ ይነበባል አሉ። ቀኑ የታወቀ፣ መጠኑ የተመዘነ። ያልነካኋቸው አራት ነጮች ደግሞ እንዳሉ አሉ፣ ለማነጻጸሪያ። ለመመረቂያው ይህ ብቻ አይበቃም፣ በሚቀጥለው ክረምት በወጉ ደግመሽ ትሠሪዋለሽ ብሏታል፤ አንድ ዓመት ይጨምርባታል። ግን አልጠፋም። ያ የተለየ ዘር ተብዬው ወረቀት ላይ ቢወጣ ኖሮ፣ በኋላ ሲታወቅ ፊቴን የማሳይበት አጣ ነበር አለች። «ትናንት ባትነግሪኝ ኖሮ፣ ኻላ» ብላ አልጨረሰችውም።

ማዳም ከሶፋው ላይ ሁሉንም ሰምታለች። መነጽሯን አደረገች፣ ስልኳን አነሳች፣ በአንድ ጣቷ ነካ ነካ አደረገች። የኔ ስልክ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ኹሩጁ ወጥቷል።

«ሁለት ወር» አለች ማዳም፣ አሁንም ሳታየኝ። «ከዚያ በላይ ብትቆዪ ሙሽኪላ ነው፣ ችግር ነው። ደግሞ ከመሄድሽ በፊት ያንን ቆርቆሮ ቆልፊልኝ።»

እፎይ! ያንን እፎይታ ዛሬም ሳስታውሰው ትከሻዬ ዝቅ ይላል። ወጥ ቤት ገብቼ ፊቴን በፎጣ ሸፍኜ አለቀስኩ፣ ሳቅሁም። ረቡዕ ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ያደረሰችኝ ልጅቷ ራሷ ናት። ፋሲካን ከልጄ ጋር ፈሰክሁ፤ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እግሬ ላይ ተኝታ ነበር ያነጋችው። እንቁላሉን እኔ አጎረስኳት፣ እሷም እኔን። መሐላዬ አልተበላም።

ወደ ኹበር ተመልሼ ሄድኩ። ኅዳር ሲመጣ ባልዲዎቹን እንደገና አወጣን፤ ዘንድሮ ሠላሳ ሁለት። አራተኛ ፕላስተር ተጨምሯል፣ አረንጓዴ፤ ዘግይተው የሚበሉት ናቸው። ልጅቷ ቀለማቸውን እየነካች «እነዚህ ያንቺ ናቸው» አለችኝ። ጥር ላይ አንድ ቀን ከማዳም ጋር ለሳምንት ሪያድ ልትሄድ ሆነ፤ ውኃ ማጠጣቱ እንደገና በኔ ላይ ወደቀ። ስትወጣ ውኃ ብቻ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አላለችኝም። ፈገግ ብላ ሄደች።

ዐስር አዛን ሲል ወጣሁ። ነጮቹ ስምንት ባልዲዎች እንደ ልማዳቸው መገርጣት ጀምረዋል። በየአንዳንዱ ላይ ግን ካርቶን ተሰክቷል። ጠጋ ብዬ አየሁ። አማርኛ ነው! ከስልክ ላይ እያየች የገለበጠችው መሆኑ ያስታውቃል፤ ፊደሉ ተንጋዷል፣ የ«ጾ» እግር ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶባታል። እንዲህ ይላል፦ «ጾም ላይ ነን። የምንፈታው ሚያዝያ 7፣ ሥላሴ።»

የአጨዳው ቀን ነው። ስምንቱም ላይ ጽፋዋለች፣ አንዱም ሳይቀር።

ከዚያ ውኃ ብቻ ቀዳሁላቸው። «አይዟችሁ» አልኳቸው፤ «ቀኑ ታውቋል።»